ሰባት ቁጥርን የሚጠራት ሰው

ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ወላጅ ግቢውን የሚረግጠው ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንደኛው ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ልጁን የሚያደርስበት ቀን ነው። ሁለተኛው ጋዋንና አበባ የሚታይበት የምርቃት ቀን ነው። መሃል ያሉት ዓመታት በስልክ ያልፋሉ። «በላሽ?» «ፈተና እንዴት ነበር?» «ብር አለሽ?»

ልጆቻችን ግን በእነዚያ ዓመታት ከትምህርቱ ሌላ ብዙ ነገር ይሠራሉ። ድራማ ይጫወታሉ፣ ግጥም ያነባሉ፣ ይሮጣሉ፣ ኳስ ይመታሉ። ያንን ቁጭ ብሎ የሚያይላቸው ዘመድ ብዙም የለም። ዲግሪውን እንቆጥራለን፣ ጨዋታውን «ጊዜ ማሳለፊያ» ብለን እንተወዋለን። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ይበልጥ አሳሰበኝ። ቤተሰቡ በሙሉ ከሐረር ድሬዳዋ ወርደን የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ስናይ ዋልን። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ለኮሌጇ የሴቶች ቡድን ተመርጣለች።

ቤተሰቡ ስል እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ትንሹ ልጃችንና አባቴ ነን። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው ሐረር እኛ ጋ የገባው። ድሬ እንሂድ ከተባለ ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ጫማውን ነው የሚጠርገው።

ዓርብ ማታ የምስር ሰምቡሳ ጠበስኩ። እንቁላል ቀቀልኩ። የባቢሌ ለውዝ በላስቲክ ቋጠርኩ። ባለቤቴ የውሃ ላስቲኮቹን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ በረዶ አደረጋቸው። ወሩ ግንቦት ነው፣ የምንወርደውም ድሬ።

ጨዋታው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስለሚጀምር ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ያዝን። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። አወዳይንና ሐረማያን እስክናልፍ ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር። ደንገጎ ጋ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ሰው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል። ማንም ለማንም አይናገርም፣ ሁሉም በአንዴ ነው የሚያወልቀው። ትንሹ ልጄ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሞቀ! ሞቀ!» እያለ ያበስራል። አባቴ ያን ጊዜ ነው ፊቱ የሚፈታው። ድሬ ስትደርስ አየሩ እንኳን የሚያውቀው ይመስለዋል።

የግቢው በር ላይ ጥበቃው ቦርሳችንን ፈተሸ፣ መታወቂያ ጠየቀ። «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አለን። አባቴ «የልጅ ልጄን ጨዋታ ልናይ ነው» አለው። ጥበቃው «ለጨዋታ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀ። ከዚያ ተነስቶ ሜዳው ድረስ እየመራ ወሰደን፣ ለአባቴም ከቢሮው አንድ የፕላስቲክ ወንበር አወጣለት። የድሬ ሰው እንዲህ ነው።

ሜዳው ውጭ ነው፣ ሲሚንቶ። መስመሮቹ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል። አንደኛው ሪንግ መረብ አለው። የሌላኛው መረብ ግማሹ ተበጥሶ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። በአንድ በኩል የሲሚንቶ ደረጃ መቀመጫ አለ፣ ከጀርባው የኒም ዛፎችና ቀይ አበባውን ያፈሰሰ አንድ የድሬዳዋ ዛፍ። ድሬ ላይ ተመልካች የሚቀመጠው በቡድኑ ሳይሆን በጥላው ነው። ጥላው ሲሸሽ ሰዉ አብሮ ይሸሻል። ስለዚህ የእኛም የተቃራኒውም ደጋፊ ተቀላቅሎ ተቀመጠ። ሰምቡሳዬን አጠገቤ ለነበሩት የሌላኛው ቡድን ልጆች አካፈልኳቸው። እነሱም ለትንሹ ልጄ ሚሪንዳ ገዙለት።

የዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ነጥቡን በሚገለበጥ የቁጥር ሰሌዳ የምታሳይ ተማሪ አለች። አጠገቧ አንድ ልጅ በስልኩ ሰዓት ይይዛል። በቅርጫት ኳስ ኳሱን የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ትልልቅ ሜዳዎች ላይ ይሄን ከቦርዱ በላይ ያለ ሰዓት ያሳያል። እዚህ ልጁ ነው በጉሮሮው የሚያሳየው። «አስር!» ይላል፣ ከዚያ «አምስት!»። ከእኩለ ቀን በፊት ድምፁ ተዘጋ። ውሃ ሰጠነው። በበኩሌ የቀኑ ጀግና እሱም ጭምር ነው።

አባቴ የኳስ ሰው ነው። ኳስ ሲል ግን እግር ኳስ ማለቱ ነው። በ1968 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ አንደኛው ምድብ የተጫወተው ድሬዳዋ ላይ ነበር። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ነበሩ። ዛየር ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን ወስዳ፣ ዓለም ዋንጫም ተሳትፋ ነበር የመጣችው። ሆኖም ከምድቧ ሳታልፍ እዚሁ ድሬ ላይ ቀረች። በመጨረሻ ዋንጫውን ያነሳችው ሞሮኮ ናት። አባቴ ያኔ ወጣት ሠራተኛ ነበር። ከጋራዥ ወጥቶ ቱታውን ሳይቀይር ስታዲየም እንደገባ ደጋግሞ ነግሮናል። ማን በማን ላይ ስንት እንዳገባ አንዳንዴ ይደባለቅበታል። አያቴ ከጎኑ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያወዛውዝ ግን ትናንት እንዳየው አድርጎ ነው የሚያወራው።

እኔ ያን ወሬ ስንት ዓመት ሰማሁት። የገባኝ ግን ቅዳሜ ነው። አባቴ የያዘው ጨዋታውን ብቻ አይደለም፣ አብሮት የነበረውን ሰው ነው።

ቡድኖቹ ሲገቡ ልጄን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ወደ ኋላ ጠፍራዋለች። መለያው ሰፍቷታል። ፖይንት ጋርድ ናት፣ ኳሷን ከታች ይዛ የምትወጣውና ለሌሎቹ የምታከፋፍለው እሷ ናት። አሰልጣኙ አጭር ስለሆነች ብቻ አይደለም እዚያ ያስቀመጣት። ጨዋታው እንደተጀመረ ምክንያቱን ሰማሁት።

አየሁት ማለት አይበቃም፣ ሰማሁት። ቤት ዝም የምትል ልጅ ናት። እንግዳ ሲመጣ ቡና አቅርባ ክፍሏ ትገባለች። ሜዳ ላይ ግን አፏ አያርፍም። «ግራሽን!» «ተመለሺ!» «የኔ ናት፣ ልቀቂያት!» ከኋላዋ ያሉትን አራቱን በድምጿ ታንቀሳቅሳቸዋለች። አንዷን በአማርኛ ትጠራታለች፣ ሌላዋን በኦሮምኛ፣ ጅግጅጋ ያደገችውን ደግሞ በሶማልኛ። ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ። «ይቺ ልጅ ማን ናት?» አለኝ። እኔም ይሄንኑ እያሰብኩ ነበር። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።

አባቴ በመጀመሪያው ሩብ ኳሱ በገባ ቁጥር «ጎል!» እያለ ይጮኻል። አጠገባችን የነበሩት ተማሪዎች ወደዱት። በሁለተኛው ሩብ ግማሹ ደረጃ አብሮት «ጎል!» ይል ጀመር። ዳኛው ፋውል ሲነፋ ደግሞ ከላይ አንዱ «ዋሪያ! ዳኛ! አቦ ተው እንጂ!» ይላል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ዳኛውም ፈገግ ይላል።

ቡድኑ ውስጥ ሰባት ቁጥር የለበሰች ረጅም ልጅ አለች። ከቦርዱ የተመለሰ ኳስ ሁሉ የእሷ ነው። እንዳየሁት ከሁሉም በላይ የምትለፋው እሷ ናት። ነገር ግን ኳስ ስታገባ ወደ ደጋፊው አትዞርም። ሌሎቹ እጃቸውን ለጓደኛ፣ ለወንድም ያወዛውዛሉ። እሷ አንገቷን ደፍታ ወደ መከላከል ትሮጣለች።

በእረፍት ልጄ ውሃ ልትወስድ ስትመጣ አባቴ ጠየቃት። «ያቺ ረጅሟ የማን ልጅ ናት?»

«ከአርባ ምንጭ ናት አባባ። ሰው የላትም እዚህ።»

ተማሪ የሚመደበው በትምህርት ሚኒስቴር ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ድሬ ይደርሳታል፣ የድሬ ልጅ ጎንደር። ከአርባ ምንጭ ድሬ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ነው። እንኳን ለጨዋታ፣ ለምርቃትም ብዙ ወላጅ ተበድሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከላይ ወላጅ አይመጣም ያልኩት ስንፍና ነው ለማለት አይደለም። አንዳንዱ ቢፈልግም አይችልም። ያ ደግሞ ቅርብ ያለነውን ሰዎች ሥራ ያበዛብናል።

አባቴ ስብከት አይወድም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የልጅ ልጁን ተወት አድርጎ ሰባት ቁጥርን ያዘ። «ሰባት! አይዞሽ ሰባት! በርቺ የኔ ልጅ!» መጀመሪያ አልሰማችም። ወይም ለእሷ መሆኑን አላመነችም። ሁለተኛ ሲጠራት ዞራ አየች። ሦስተኛ ላይ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ኳስ ባገባች ቁጥር ዓይኗ የፕላስቲኩን ወንበር ይፈልግ ነበር። የጠዋቱን ጨዋታ አሸነፉ።

ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጨዋታ የለም። ድሬን የሚያውቅ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሲሚንቶው እግር ያቃጥላል። ኳሱ ራሱ እንደ ዳቦ ይሞቃል። ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል ወይም ይቅማል። ሰባት ቁጥርንም ይዘን ባጃጅ ተሳፍረን ከዚራ ሰፈር ሄድን። ዛፍ ስር ተቀምጠን ሩዝ በሥጋ በላን፣ በላዩ የማንጎ ጁስ ጠጣን። ልጆቹ ብዙ እንዳይበሉ አሰልጣኙ ነግሯቸዋል። እኔ ግን እናት ነኝ፣ ዝም ብዬ ሳህናቸው ላይ እጨምራለሁ።

ትንሹ ልጄ ኳሷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አልለቅም አለ። የሴቶቹ ኳስ ከወንዶቹ ትንሽ ታንሳለች። ስድስት ቁጥር ይሏታል፣ የወንዶቹ ሰባት ቁጥር ነው። አባቴ «ማን ፈጠረው ይሄን ጨዋታ?» ሲል ልጄ ታወራለት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። ክረምቱ ከብዶ ተማሪዎቹ ውጭ መውጣት አቃታቸው። እሱም የኮክ ፍሬ ማስቀመጫ ቅርጫት አዳራሹ ውስጥ ከፍ አድርጎ ሰቀለና 13 ሕጎች ጻፈ። ቅርጫቱ ከታች ስላልተቀደደ ኳስ በገባ ቁጥር ሰው መሰላል ወጥቶ ያወርድ ነበር። የዛሬውም ሪንግ ከመሬት 3.05 ሜትር ነው፣ ያኔ ከሰቀለበት አልተነሳም።

አባቴ መሰላሉ ደስ አለው። የጋራዥ ሰው ስለሆነ «አንድ ሰው ቀዳዳ ቢያበጅለት ምን ነበረበት?» አለ።

ሰባት ቁጥር እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። «ሴቶች ሲጀምሩ ደግሞ ወንድ ተመልካች አይፈቀድላቸውም ነበር» አለች። የሰውነት ማጎልመሻ ተማሪ ናት፣ ክፍል ውስጥ ተምራዋለች። ስሚዝ ኮሌጅ በሚባል የሴቶች ኮሌጅ ሴንዳ በረንሰን የምትባል መምህርት ለተማሪዎቿ አስጀመረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1893 በሁለት ክፍሎች መካከል ውድድር ሲደረግ ወንድ እንዳያይ ተከልክሎ ነበር። አባት ቢሆን እንኳ።

አባቴ ይሄን ሲሰማ መብላቱን አቆመ። «እኔ አልገባም ነበር ማለት ነው?»

«አይገቡም አባባ።»

«አሁንስ ማን ይከለክለኛል?» አለ።

ባለቤቴ በበኩሉ የአገራችንን አነሳ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ያነሳንበትን ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲደረግ ኢትዮጵያ ተሳታፊ ነበረች። ያንን የሚያነሳ ሰው ግን ስንቱ ነው? ባለቤቴ እንዲህ ዓይነት ነገር ያበሳጨዋል፣ ትክክልም ነው። ቅርጫት ኳስ እዚህ አገር ትናንት የመጣ አይደለም። ተመልካች ነው ያጣው።

10 ሰዓት ላይ ግማሽ ፍጻሜው ተጀመረ። ጥላው አሁን ሜዳውን ራሱ አጋምሶታል። ተቃራኒዎቹ ፈጣኖች ናቸው። ልጄ ከጠዋቱ የበለጠ ለፋች፣ ፋውሏም በዛ። በቅርጫት ኳስ አንድ ተጫዋች አምስት ፋውል ከሠራ ለዚያ ጨዋታ አይመለስም። አራተኛው ሩብ ላይ፣ ስድስት ደቂቃ ሲቀር፣ አምስተኛዋን ሠራች። ዳኛው አምስት ጣቱን ዘርግቶ ወደ ጠረጴዛው አሳየ።

አባቴ ተነስቶ ቆመ። «ቀይ ሳያሳያት እንዴት ያስወጣታል?» አለ። ባለቤቴ አስረዳው። አልተዋጠለትም፣ ግን ተቀመጠ።

ልጄ ወደ ተቀያሪዎቹ ስትሄድ ፊቷን በመለያዋ ጠረገች። ወርጄ ላቅፋት ፈለግኩ። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። አንድ ደቂቃ ያህል አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ከዚያ ፎጣውን ወረወረችና ከመስመሩ ውጭ ቆማ ያንኑ ድምጿን ለቀቀችው። «ግራሽን! ተመለሺ! ሰባት፣ የአንቺ ናት!» እሷን የተካችው አንደኛ ዓመት ልጅ በዚያ ድምፅ ነው የተጫወተችው። ኳሱ በእጇ ሳይኖር ቡድኑን ስትመራ አየኋት። በስልክ «እንዴት ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» ብቻ የምትለኝ ልጅ ይቺ ናት።

ሁለት ነጥብ እየተመሩ ጥቂት ሰከንዶች ቀሩ። ሰባት ቁጥር ተገፍታ ወደቀች። ተቃራኒዎቹ በዚያ ሩብ አራት የቡድን ፋውላቸውን ጨርሰው ነበር፣ ስለዚህ ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጣት። የቅጣት መስመሩ ከቦርዱ 4.6 ሜትር ነው። ማንም አይከላከልሽም፣ ማንም አያግዝሽም። ሪንጉ ያ መረቡ የተበጠሰው ነበር። ኳሷን መሬት ላይ አነጠረቻት፣ ያዘቻት፣ መዳፏን በቁምጣዋ ጠረገች፣ እንደገና አነጠረቻት። ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። አባቴ ግን ዝም የሚባልበት ሰዓት መሆኑን ማን ይንገረው። «አይዞሽ ሰባት!»

የመጀመሪያዋ ገባች። ሁለተኛዋ የሪንጉን ጠርዝ ዞረች ዞረችና ወጣች። ኳሱን ተቃራኒዎቹ ያዙት፣ ሰዓቱ አለቀ። በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።

ሰባት ቁጥር መስመሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ቀረች። ልጄ መጀመሪያ ደረሰችላት። ከዚያ ሁሉም ተከመሩባት። የአሸናፊዎቹ አምበል ሳይቀር መጥታ እጇን ይዛ አስነሳቻት። ዓይኗ አብጦ ወደ እኛ ስትመጣ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። አባቴ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘረጋላት። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዞ ቀና አደረጋት።

«ይቅርታ አባባ፣ ሳትኩት።»

«ከጠዋት ጀምሮ ያገባሽውን ማን ቆጠረልሽ?» አላት። «እኔ ቆጥሬያለሁ። ሃያ ሦስት ጎል።» ነጥቡን ይሁን ኳሱን ይቁጠር አላውቅም። እሷ ግን እያለቀሰች ሳቀች።

ከጠዋት ጀምሮ በስልኬ ቪዲዮ ስቀርጽ ነበር። ሳየው ግማሹ እሷ ናት። «ለእናትሽ ልላክላት?» አልኳት። ቁጥሩን ሰጠችኝ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው የሴት ድምፅ ነው። ሰላምታው አላልቅ አለ። እሷ ታመሰግናለች፣ እኔ «ኧረ ምንም አይደለም» እላለሁ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ምን በላች? ከሳች እንዴ? ያ «ሰባት፣ ሰባት» የሚሉት አባት ማን ናቸው? ስትረዝምባት «ማን ያገባታል» እያሉ ጎረቤቶች ያሳቅቋት እንደነበርም ነገረችኝ። «እዚያስ ቁመቷ ጠቀማት?» አለችኝ። ከቦርድ የተመለሰ ኳስ ሁሉ የእሷ መሆኑን ነገርኳት። ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። ደግሜ እንዳስረዳት ጠየቀችኝ፣ ስልኩን ለባሏ ሰጥታ ለእሱም እንድነግረው አደረገች።

ቅዳሜ ለሦስተኛ ደረጃ ይጫወታሉ። አባቴ ጫማውን ከአሁኑ ጠርጎ በር ላይ አስቀምጧል። እኔም ለዚያን ቀን የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቻለሁ። እናቷ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በቪዲዮ ጥሪ በቀጥታ እንዳሳያት አስምላኛለች።